ከበርገን ተነስቶ፦ የኮምፒውተር ጨዋታ ፍልስፍና የተሰባሰበባቸው ከተሞች

በ1938 በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበረው ዮሃን ሁይዚንጋ «ሆሞ ሉደንስ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሁይዚንጋ ጨዋታ ከሥራ የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም ብሎ ተነሳ። እንስሳትም ይጫወታሉና ጨዋታ ከባህል ይቀድማል፤ ችሎቱም፣ ጦርነቱም፣ ግጥሙም፣ ሥርዓተ አምልኮውም ከጨዋታ መንፈስ ጋር የተወለዱ ናቸው ሲል ተከራከረ። ከአራት ዓመት በኋላ አገሩን የያዙት ጀርመኖች አሰሩት። ከእስር ቢለቁትም ወደ ላይደን እንዳይመለስ ከለከሉት፤ በፌብሩዋሪ 1945፣ ሆላንድ ነጻ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ሞተ። መጽሐፉ ግን ዛሬም ስለ ጨዋታ የሚጽፍ ምሁር ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፈው ሆኖ ቀረ።

ከእሱ በኋላ ነገሩን ያነሱት ሰዎች በየአገራቸው ለየብቻ ነበሩ። በ1953፣ ሉድቪግ ቪትገንስታይን ከሞተ በኋላ በታተመው «ፍልስፍናዊ ምርመራዎች» ውስጥ፣ ጨዋታ የምንላቸውን ነገሮች ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ የጋራ ባሕርይ አይገኝም፤ ያላቸው እንደ ቤተ ዘመድ እዚህም እዚያም መመሳሰል ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ፈረንሳዊው ሮዤ ካዩዋ በ1958 ጨዋታዎችን በአራት ከፈላቸው፦ ውድድር፣ ዕድል፣ ማስመሰል፣ እንዲሁም ሕፃን ሲሽከረከር ቆይቶ ራሱ ሲዞርበት የሚያገኘው ዓይነት ደስታ።

በ1971 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣና ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጥናቶች አሳተሙ። የሰንጠረዡ ነገር ፍልስፍና የሚወድ ሰውን ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። በአጀማመሩ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ወረራ የሚባለው ይህ ምዕራፍ የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በተራ በተራ ይሆናል። የጦር ስልት የኮምፒውተር ጨዋታዎች ተራ መጠበቅን ትተው ሠራዊትን ባንድ ጊዜ ማንቀሳቀስን ዋና መለያቸው ያደረጉት በ1990ዎቹ ነው። የእኛዎቹ መኳንንት በድንኳናቸው ያውቁት ነበር። ይህ እውነት ከኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች አልፎ ወደ ጨዋታ ፈላስፎች ጆሮ በሚገባው መጠን አለመድረሱ ያሳዝነኛል።

ለቪትገንስታይን መልስ የሰጠው በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው በርናርድ ሱትስ ነው። በ1978 ባሳተመው «አንበጣው» በተሰኘ መጽሐፉ ውስጥ በኤዞጵ ተረት ጉንዳን የምትወቅሰውን ሰነፍ አንበጣ ፈላስፋ አድርጎ አስነሳው፤ አንበጣውም እየሞተ ሳለ የጨዋታን ክብር ለደቀ መዛሙርቱ ያስረዳል። ሱትስ እንዳለው ተጫዋች ማለት አላስፈላጊ እንቅፋትን ወዶና ፈቅዶ የሚቀበል ሰው ነው። የጎልፍ ተጫዋች ዓላማው ኳሷን ጉድጓድ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በእጁ ይዟት ሄዶ ይጨምራት ነበር። ረጅም ዘንግ ይዞ ከሩቅ የሚመታው እንቅፋቱ ራሱ የሚፈልገው ነገር ስለሆነ ነው። ይህን መጽሐፍ በጊዜው ልብ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ዋናው ዝናው የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ሰው ከኮምፒውተር ጋር መጫወት ጀምሮ ነበር። በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ወጣቶች «ስፔስዋር» የተባለውን የጠፈር ውጊያ ሠሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዊል ክራውዘር የተባለ ዋሻ ለዋሻ መሄድ የሚወድ የኮምፒውተር ባለሙያ በኬንታኪ የሚያውቀውን ዋሻ በቃላት ብቻ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው፤ በ1977 ስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ አሰፋፋው። «አድቬንቸር» የተባለው ይህ ጨዋታ ሥዕል የለውም። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን ሂድ፣ መብራቱን አንሳ እያለ ይጽፋል፤ ማሽኑ ያለበትን ስፍራ በጽሑፍ ይነግረዋል።

በ1985 ሜሪ አን በክልስ የተባለች ተማሪ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ በ«አድቬንቸር» ላይ አቀረበች። በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ከተሠሩት የዶክትሬት ጥናቶች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ነው። ያነሳችው ጥያቄ ትልቅ ነበር፤ አንባቢው ራሱ እየተራመደ የሚያነበው ጽሑፍ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? ግን የሚያዳምጣት ጉባኤ አልነበረም፤ ጽሑፏን የሚያወጣ የዘርፉ መጽሔት አልነበረም፤ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ጥያቄ የያዘና ደብዳቤ የሚጽፍላት ባልደረባም አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲው ዓለም ወጣች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእሷን ያህል የሚቆጨኝ የለም። ጥያቄውን ቀድማ አንስታለች፤ የጎደላት ሰው ነው። ከእሷ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ያነሳው ሰው ዕጣው የተለየው ሰው ፍለጋ በመውጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያ ሰው ኤስፐን ኦርሴት ነው። በ1965 በኖርዌይ የወደብ ከተማ በበርገን ተወለደ፤ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አጠና። በበርገን የሰብአዊ ትምህርትንና ኮምፒውተርን የሚያገናኝ አዲስ የትምህርት ክፍል ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በ1995 የዶክትሬት ጥናቱን ጨረሰ፤ ጥናቱ በ1997 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «ሳይበርቴክስት» በሚል ርእስ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ በክልስን ጠቅሷታል።

የ«ሳይበርቴክስት» ዋና ነገር እንዲህ ነው። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው የቱንም ያህል ቢመሰጥ ኦርሴት ከእግር ኳስ ተመልካች ጋር ያነጻጽረዋል። ይገምታል፣ ይቆጣል፣ ይጮኻል፤ ሜዳ ግን አይገባም። «አድቬንቸር»ን የሚጫወት ሰው ግን ሜዳ ውስጥ ነው። መንገድ ይመርጣል፤ የመረጠው መንገድ ያልመረጠውን ይዘጋበታል፤ ሊወድቅም ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ የሚነበብ ብቻ አይደለም፤ የሚሠራ ማሽን ነው፤ ተጫዋቹም የማሽኑ ክፍል ነው። ኦርሴት ይህን ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነገር ብቻ አላደረገውም፤ ጥንታዊውን የቻይና የጥንቆላ መጽሐፍ «ኢ ቺንግ»ን፣ የፈረንሳዊውን የሬሞን ኬኖን የሚገለባበጡ ግጥሞች፣ በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል የሠሩትን ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚገቡበት የጽሑፍ ዓለም በአንድ ዓይን አየ።

በዚያው በ1997 ጃኔት መሪ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር «ሃምሌት ኦን ዘ ሆሎዴክ» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣች። የእሷ ተስፋ ሌላ ነበር፤ ኮምፒውተር የነገው የታሪክ መንገሪያ ነው አለች። ሞስኮ ውስጥ በ1984 የተፈለሰፈውን «ቴትሪስ»ን ሳይቀር የ1990ዎቹ አሜሪካዊ በሥራ ተጨናንቆ የሚኖረው ሕይወት መግለጫ አድርጋ አነበበችው። ከላይ የሚዘንቡት ጡቦች ሳያልቁ የሚደራረቡ ሥራዎች ሆኑ። ሁለቱ መጻሕፍት ሳይነጋገሩ ባንድ ዓመት መውጣታቸው ለመጪው ክርክር መድረኩን አዘጋጀ።

ኦርሴት መጽሐፉን አውጥቶ በበርገን አልተቀመጠም። በኖቬምበር 1998 የዲጂታል ጥበብና ባህል ጉባኤን በበርገን ጠራ። ከመጡት መካከል የስፐር ዩል የተባለ ወጣት ዴንማርካዊ ነበር፤ ያቀረበው ጽሑፍ በጨዋታና በትረካ መካከል ግጭት አለ የሚል ነው። ትረካ አልፎ የተፈጸመን ነገር ይናገራል፤ ጨዋታ ግን አሁን፣ ተጫዋቹ ፊት፣ ገና ያልተወሰነ ነው ይላል። ያ ወጣት በኋላ በጨዋታ ጥናት ከታወቁት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ይሆናል። ጉባኤው በ1999 ወደ አትላንታ ተሻገረ፤ በ2000 ወደ በርገን ተመለሰ፤ በ2001 ወደ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በአትላንታ ጎንዛሎ ፍራስካ የተባለ ኡራጓያዊ በጆርጂያ ቴክ ይማር ነበር፤ የጨዋታ ጥናት ከትረካ ጥናት ተለይቶ የራሱ ስም ያስፈልገዋል ብሎ «ሉዶሎጂ» የሚለውን መጠሪያ ያስፋፋው እሱ ነው። ከፊንላንድ ማርኩ ኤስከሊነን ተቀላቀለ፤ ከሁሉም ይልቅ ምላሱ ስለት ነበረው፤ የመሪን የ«ቴትሪስ» ንባብ ያለ ርኅራኄ ነቀፈው።

እነዚህ አራት ሰዎች ከኖርዌይ፣ ከዴንማርክ፣ ከኡራጓይና ከፊንላንድ የተሰበሰቡ ናቸው። በየዩኒቨርሲቲያቸው ቢቀሩ እያንዳንዳቸው የሥነ ጽሑፍ ክፍሉ እንግዳ ሰው ሆነው ነበር የሚኖሩት። በየዓመቱ በአንድ አዳራሽ ስለተገናኙ ግን ወገን ሆኑ፤ ወገን ስለሆኑ ደግሞ ሰው ሊቃወማቸው ቻለ። አንድ ሐሳብ ተቃዋሚ ማግኘቱ ትልቅ ዕድል ነው።

ቁልፉ ዓመት 2001 ነው። በማርች ወር፣ ከተቋቋመ ሁለት ዓመት በሆነው የኮፐንሃገን አይቲ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ብቻ የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። በጁላይ «ጌም ስተዲስ» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ወጣ፤ ዋና አዘጋጁ ኦርሴት ነበር። በመግቢያ ጽሑፉ ይህ ዓመት የኮምፒውተር ጨዋታ ጥናት አንደኛ ዓመት ሊባል ይገባል ሲል አወጀ። ጨዋታ ሲኒማም ሥነ ጽሑፍም አይደለም፤ ሁለቱም መስኮች ግን ቅኝ ሊገዙት መሞከራቸውን አይተዉም ብሎ አስጠነቀቀ።

ቅኝ ግዛት የሚለው ቃል ብዙዎችን አስቆጣ። እኔም ቃሉ ለዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ጠብ ከመጠን በላይ የከበደ ይመስለኛል፤ ቅኝ የተገዙ ሕዝቦች ያዩትን የሚያውቅ ሰው እንዲህ በቀላሉ አያነሳውም። ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነበር። አንድ ተማሪ ጨዋታ ላጥና ሲል አማካሪው እንደ ፊልም ተንትነው ካለው፣ ሕጉን፣ ማሸነፉን፣ መሸነፉን፣ እጅ የሚለምደውን ነገር ማን ያጠናዋል?

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የገፋ ጽሑፍ ወጣ። ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የተባለ በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረ የምጣኔ ሀብት ሊቅ «ኤቨርክዌስት» የተባለው የመስመር ላይ ጨዋታ ውስጥ ያለችውን ኖራት የምትባል ምናባዊ ዓለም ኢኮኖሚ አሰላ። ተጫዋቾች ያፈሩትን ንብረትና ገጸ ባሕርይ በእውነተኛ ዶላር ይሸጡ ስለነበር ስሌቱ ይቻላል። የነፍስ ወከፍ ምርቷ በሩሲያና በቡልጋሪያ መካከል ሆኖ ተገኘ። ስለሌለች አገር እንዲህ ያለ አኃዝ መስጠት ከተቻለ፣ የለችም የምንለው በምን ትርጉም ነው? ጥያቄው ወደ ፍልስፍና የመጣው በዚህ በር ነው።

በጁን 2002 የጨዋታ ጥናት ሰዎች በፊንላንድ ታምፔሬ ተገናኙ። የዲጂታል ጨዋታ ጥናት ማኅበር፣ በአጭሩ ዲግራ፣ የመቋቋሙ ውጥን ከዚያ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፊንላንዳዊው ፍራንስ ማዩራ ሆነ። በሜይ 2003 ኦርሴት ሜልቦርን ደርሶ ጨዋታን እንዴት እንደሚያጠኑ የሚመክር ጽሑፍ አቀረበ። ያልተጫወተ ሰው ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ከባድ ስሕተት ላይ ይወድቃል፤ ሌሎች ሲጫወቱ ማየትና ሠሪዎቹን መጠየቅ ይጠቅማል፤ የገዛ እጅን ግን አይተካም አለ። ዛሬ ይህ የሚያከራክር አይመስልም። ያን ጊዜ ግን ተጫዋቾችን እንደ ታካሚ ብቻ የሚመለከቱ፣ አንድም ጨዋታ ሳይነኩ ስለ ጉዳቱ የሚጽፉ ምሁራን ሞልተው ነበር።

በኖቬምበር 2003 የዲግራ የመጀመሪያ ጉባኤ በሆላንድ ዩትሬክት ተከፈተ። ዩል ጨዋታ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሁይዚንጋ፣ ከካዩዋና ከሱትስ እየጠቀሰ ትርጉም አቀረበ። ፍራስካ ደግሞ በሉዶሎጂና በትረካ ጥናት ሰዎች መካከል ተደረገ ስለተባለውና ሁሉም ስላወራለት ክርክር ተናግሮ ክርክሩ በእርግጥ አልተካሄደም፤ እኛም ታሪክ እንወዳለን ሲል ለማስታረቅ ሞከረ። እውነት ነው፣ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው የተሟገቱበት ቀን የለም። ክርክሩ ግን በየመጽሔቱ ስለተካሄደ ተማሪን ሁሉ ወገን መርጦ እንዲያስብ አስገድዶታል፤ ያለ እሱ መስኩ ይህን ያህል ቶሎ ባልቆመ ነበር።

በዚያው ዓመት ኦርሴት በርገንን ትቶ ወደ ኮፐንሃገን ተዛወረ። አይቲ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ጨዋታ ምርምር ማዕከል አቋቁሞ ነበር። ከዚህ ወዲያ ታሪኩ የአንድ ሰው ጉዞ መሆኑ ቀርቶ ወደ እሱ የሚመጡና ከእሱ ዘንድ የሚበተኑ ሰዎች ጉዞ ይሆናል። ዩል በዚያ ዶክትሬቱን አግኝቶ በ2005 «ሃፍ ሪል» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ፤ ጨዋታ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ልብ ወለድ ነው፤ ሕጉ እውነተኛ፣ ዓለሙ ምናባዊ ነው የሚል ነው። ፍራስካ ከአትላንታ መጥቶ በዚያው ዶክትሬቱን ሠራ። አሜሪካዊቷ ቲ. ኤል. ቴይለር ኖራት ውስጥ ከተጫዋቾች ጋር ኖራ ያየችውን ጻፈች። ስፔናዊው ሚጌል ሲካርት፣ ማልታዊው ጎርደን ካሌያ፣ ፊንላንዳዊው ኦሊ ሌይኖ፣ ጀርመናዊው ሴባስቲያን ሞሪንግ፣ ማልታዊው ዳንኤል ቬላ፣ ሁሉም የዶክትሬት ተማሪ ሆነው በዚያ በር ያለፉ ናቸው።

በር ካልኩ አይቀር፣ ኦርሴት በ2005 ኮፐንሃገን ላይ በተደረገው የዲጂታል ጥበብና ባህል ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ስለ በር ነው። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው። አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ በጎዳና ስትሄድ ሁለት ዓይነት በሮች ታያለህ። አንዳንዶቹ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ናቸው፤ ብትገፋ አይከፈቱም፤ ከኋላቸው ምንም የለም። እነዚህ እንደ ልብ ወለድ በር ናቸው፤ በር እንደሆኑ አድርገህ ትቀበላለህ እንጂ በር አይደሉም። ሌሎቹ ግን ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይቆለፋሉ፣ ጠላት እንዳይገባ ያግዳሉ። የበርን ሥራ የሚሠራ ነገር ልብ ወለድ ነው ማለት ይቻላልን? ኦርሴት አይቻልም ይላል። የሚከፈተው በር እንደ መንገዱ በርም አይደለም፤ ግን በሥራው የቆመ ነው፤ ከልብ ወለድም ከተራው ዓለምም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ህላዌ አለው። በጨዋታ ውስጥ ያለ ላቢሪንት፣ ማለትም መንገዱ የተጠላለፈ መጥፊያ ስፍራ፣ እንዲሁ ነው፤ ጠፍተህበት ከሆነ በእርግጥ ጠፍተሃል። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ዘንዶ ደራሲው ካለው ውጭ ምንም አያደርግም፤ የጨዋታው ዘንዶ ግን የሚመራው ሞዴል ስላለው ሠሪው በዚያች ሰዓት ያላሰበውን ሊያደርግብህ ይችላል።

ይህን ያነበበ ፈላስፋ በዝምታ ሊያልፈው አይችልም፤ አላለፈውምም። በኦስሎ ዮን ሪቻርድ ሳገንግና ባልደረቦቹ ፍልስፍናን ራሱን ማዕከል ያደረገ የኮምፒውተር ጨዋታ ጉባኤ ከሚያደራጁት መካከል ነበሩ። በጃንዋሪ 2007 በጣሊያኗ ሬጆ ኤሚሊያ ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ የጨዋታ ጥናት ሰዎች ፍልስፍናን ይዋሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ በሙያቸው ፈላስፋ የሆኑ ሰዎች ስለ ማንነት፣ ስለ ተግባር፣ ስለ ምናባዊ ነገሮች ህላዌ ሲጠይቁ የጨዋታ ሰዎችን ፊት ለፊት አገኟቸው።

በሴፕቴምበር 2007 ኦርሴት ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው የዲግራ ጉባኤ ላይ ስለሚያምፅ ተጫዋች ተናገረ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃንስ ጌኦርግ ጋዳመር ተጫዋቹን የሚጫወተው ጨዋታው ራሱ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ኦርሴት ከዚህ ተነስቶ እያንዳንዱ ጨዋታ የሚጠብቀው ተጫዋች አለ አለ፤ እንዲህ አድርግ፣ እዚህ ሂድ እያለ ቀድሞ የቀረጸለት ልብስ ነው። ተጫዋቹ ልብሱን ካልለበሰ መጫወት አይችልም። ግን ሠሪው ያላሰበውን ቀዳዳ ፈልጎ የሚወጣ ተጫዋች ሁልጊዜ አለ፤ ያ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ለሌሎቹ ሁሉ ነጻነት ምስክር ነው። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ስለ ሕግና ስለ እምቢታ ለሚያስብ ሰው ግን ብዙ ይሰጣል።

በ2008 የፍልስፍናው ጉባኤ በጀርመን ፖትስዳም ሆነ። ያን የጽሑፍ ዓለም ከሠሩት አንዱ ሪቻርድ ባርትል ከእንግሊዝ፣ ኢያን ቦጎስት ከአሜሪካ፣ ዩልም መጥተው ተናገሩ፤ ጽሑፎቹ በፖትስዳም ዩኒቨርሲቲ ታተሙ። በ2009 ኦስሎ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ሲካርት ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ሥነ ምግባር መጽሐፍ አወጣ። ተጫዋች በሚያየው ደም የሚበከል ባዶ ዕቃ አይደለም፤ የሚያመዛዝን፣ በጎነትን ሊለማመድ የሚችል የሞራል ሰው ነው ሲል ከአርስቶትል ተነስቶ ተከራከረ። ከኒውዚላንድ ግራንት ታቪኖር የቪዲዮ ጨዋታ ጥበብ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ በሥነ ውበት ፍልስፍና መለኪያ መዘነው።

ከዚያ በኋላ አቴንስ፣ ማድሪድ፣ በርገን፣ ኢስታንቡል፣ በርሊን፣ ማልታ፣ ክራኮቭ ተራ በተራ አስተናገዱ። በ2012 ሳገንግ፣ ሃልቫርድ ፎስሃይምና ታርየይ ማንት ላርሰን ያዘጋጁት የጽሑፎች ስብስብ በሽፕሪንገር ታተመ፤ ከዚህ በኋላ አንድ የፍልስፍና ክፍል ኮርሱን ማስተማር ቢፈልግ የሚይዘው መጽሐፍ አገኘ።

ከከተሞቹ ሁሉ ማልታ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። ካሌያ ከኮፐንሃገን ተመልሶ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ጨዋታ ተቋም ካቆሙት አንዱ ሆነ፤ ቬላም ተመለሰ፤ ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ጉዋሌኒ ተቀላቀላቸው። ጉዋሌኒ ፍልስፍናን መጻፍ ብቻ ሳይሆን መጫወት ይቻላል ብሎ ያምናል። በ2017 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ትንሽ ጨዋታ ስለ ሾርባ ነው። ባዕዳን ፍጡራን የሚያቀርቡልህን ሳህን አይተህ ይህ ሾርባ ነው ወይስ አይደለም ትላለህ። መጀመሪያ ቀላል ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ግን ሾርባን ሾርባ የሚያሰኘው ፈሳሹ ይሁን፣ ሙቀቱ ይሁን፣ መበላቱ ይሁን ይጠፋብሃል። የቪትገንስታይን ጥርጣሬ በገጽ ሙሉ ክርክር ሳይሆን በተጫዋቹ በራሱ ምርጫ ይገለጥለታል። ይህ ለፍልስፍና መምህራን ትልቅ ስጦታ ነው።

ኦርሴት ራሱም ይህን ጥርጣሬ ከያዙት ሰዎች ጎን ቆመ። በ2015 ከካሌያ ጋር ባቀረበው ጽሑፍ ጨዋታን በአንድ ትርጉም ለመያዝ መሞከር ከንቱ ድካም ነው አለ፤ ይልቅ ምልክቱን፣ ሥርዓቱን፣ ቁሱንና ተጫዋቹን ለያይቶ ማየት ይሻላል። በወጣትነቱ ለጨዋታ የራሱን ድንበር ያስከለለ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ድንበሩን ሲያላላ ማየት አንዳንዶችን አስገርሟል። እኔ ግን ቅራኔ አይታየኝም። ቤት የሌለው ሰው መጀመሪያ አጥር ያጥራል፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ በሩን ቢከፍት ማንም አያፈናቅለውም። በ2016 የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለአንጋፋ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ለኦርሴት ፕሮጀክት ተሰጠ፤ የጨዋታ ትንተና ዘዴን ለማበጀት የታለመ ነበር። በ2018 ቱሪን ላይ ከፖላንዳዊው ፈላስፋ ፓዌል ግራባርቺክ ጋር የጨዋታን ህላዌ በንብርብር የሚከፍል ሞዴል አቀረበ፤ በዚያው ዓመት የፍልስፍናው ጉባኤ ወደ ኮፐንሃገን፣ ወደ እሱ ቤት መጣ።

በ2020 ዲግራ ወደ ታምፔሬ ሊመለስ ነበር፤ ወረርሽኙ ሰረዘው። በዚያው ዓመት በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ቲ ንዊን ከሱትስ ተነስቶ ጨዋታ የሰውን ፈቃድና ችሎታ እንደ ቀለም የሚጠቀም ጥበብ ነው የሚል መጽሐፍ በኦክስፎርድ አሳተመ፤ የአሜሪካ ፍልስፍና ማኅበርም ሸለመው። በ2022 ዴቪድ ቻልመርስ «ሪያሊቲ ፕላስ» በተሰኘ መጽሐፉ ምናባዊ ነገሮች ሐሰት አይደሉም፤ እውነተኛ ናቸው ሲል ተከራከረ። ኦርሴት የሚከፈተውን በር ካነሳ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ከታወቁት የዘመኑ ፈላስፎች አንዱ ያንኑ ጥያቄ መጽሐፍ ሲያደርገው ነገሩ ከዳር ወደ መሐል መግባቱ ታየ።

ከላይ ከጠቀስኳቸው የጉባኤ ከተሞች መካከል አንድም የአፍሪካ ከተማ የለም። ቪዛውም፣ የአውሮፕላን ቲኬቱም፣ የመመዝገቢያው ክፍያም ለአንድ የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ተማሪ ቀላል አይደለም፤ በክልስን ያስቀራት ብቸኝነት ዛሬም ብዙ ተማሪ ይዟል። ነገር ግን «ጌም ስተዲስ» ከ2001 የመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ያለው ሁሉ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል፤ የዲግራ ጉባኤ ጽሑፎችም እንዲሁ። ስለዚህ የፍልስፍናና የኮምፒውተር ተማሪዎቻችንን አደራ የምለው ይህን ነው፦ አንብቧቸው፤ በየመንደሩ የሚጫወቱትን ሰዎች ጨዋታ እየጠየቃችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም ለመጽሔቱ ጽሑፍ ላኩ።